ትንበያው በየቀኑ ሲለዋወጥ ሰሊጥ መቼ ይታጨዳል? (መተማ፣ ምዕራብ ጎንደር)

የገንዳ ውሃው፦

ሰላም እንደምን ሰነበታችሁ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ። ሰሊጥ ለምታለሙና የአየር ጠባይ ለምታውቁ ጥያቄ አለኝ።

ማሳው ከገንዳ ውሃ ወደ ኮኪት መንገድ ላይ ያለ 12 ሄክታር ጥቁር አፈር ነው። ሰባቱ ሄክታር በሰኔ መጨረሻ የተዘራ ሲሆን የታችኛው ቅጠል ረግፏል፣ ከግንዱ ግርጌ ያለው ፍሬም ቢጫ ሆኗል። አምስቱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ የገባ ስለሆነ አናቱ ላይ እስካሁን አበባ አለ። ሥራውን እዚያው ያለው ወንድሜ ይመራዋል፤ እኔ አዘዞ ሆኜ ትንበያ እያየሁ እደውልለታለሁ። ማሳው ላይ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው።

ያስቸገረን የትንበያው መለዋወጥ ነው። ጠዋት ለሐሙስ 20 በመቶ ያለው ስልክ ማታ 60 በመቶና ነጎድጓድ ይላል፣ በማግስቱ ደግሞ ወደ 30 ይወርዳል። «እጨዱ» ባልኩ ማግስት «ቁሙ» እላለሁ። ሳሉጎቹ (ለአጨዳ የመጡት የቀን ሠራተኞች) ሠሩም አልሠሩም ቀለብ ይፈልጋሉ፣ ሥራው ሲጓተት ደግሞ ወደ ሌላ ማሳ ይሄዳሉ።

ዝናብ ይመጣል ሲባል ያለውን ሁሉ አጭዶ መጨረስ ይሻላል ወይስ እስኪያልፍ መጠበቅ? ሂላ (እንዲደርቅ ተደጋግፎ የሚቆም የነዶ ክምር) ላይ የቆመው ቢመታስ ምን ይደረጋል? ከስንት ቀን በፊት የወጣ ትንበያ ነው የሚታመነው?

ደመና አንባቢ፦

ወንድሜ፣ ከሦስተኛው ልጀምር፤ የቀሩት ሁለቱ በእሱ ላይ የቆሙ ናቸው።

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ መተማን የሚመታው ዝናብ እንደ ሐምሌው ሰማዩን ሸፍኖ የሚውል አይደለም። የዝናቡ ቀጠና ወደ ደቡብ እያፈገፈገ ስለሆነ የሚቀረው ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ የሚነሳ የነጎድጓድ ደመና ነው። ፀሐይ የሰሜን ተራሮችንና የጭልጋን ከፍታ ስታሞቅ ውላ ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ደመናው ይቆለላል። ከፍ ብሎ የሚነፍሰው የምሥራቅ ነፋስ ደግሞ ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ቆላው ላይ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ምሽት ወይም ሌሊት ነው። ከዝናቡ በፊት አቧራ እያስነሳ የሚመጣው ብርቱ ነፋስ ከዚያው ደመና ሥር የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ነው። ለሰሊጥ ከዝናቡ ይልቅ እሱ ይብሳል።

የትንበያ ሞዴሉ «ሐሙስ ለነጎድጓድ የተመቸ ቀን ነው» የሚለውን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ደህና አድርጎ ያውቃል። ደመናው በኮኪት በኩል ይለፍ ወይስ በቋራ በኩል፣ ያንን ግን አያውቅም። ከምንጠቀምባቸው ሁሉ ጥራት ያለው የአውሮፓው ሞዴል መሬቱን በ9 ኪሎ ሜትር ስፋት እየከፋፈለ ነው የሚያሰላው። አንዷ ክፍል 8,100 ሄክታር ማለት ናት፣ ያንተ ማሳ 12 ነው። ስሌቱ በ24 ሰዓት 4 ጊዜ ከአዲስ መረጃ ይነሳል፤ መነሻው ትንሽ ሲቀየር የደመናው ቦታ 30 እና 40 ኪሎ ሜትር ይሸሻል፣ ስልክህ ላይ ያለው 20 ወደ 60 ይዘላል። ስለዚህ የአንዱን ስሌት ቁጥር ይዘህ አትወስን። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ብቻ ተመልከት፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፍ፣ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ቁም ነገር አለው። ላይ ታች ካለ «ይዘንብ ይሆናል፣ የት እንደሆነ ግን አልታወቀም» ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

መፈለጊያው ላይ «ጎንደር» ብለህ ጽፈህ ከሆነ የምታየው የከተማውን ነው። አዘዞ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ መተማ ከ800 ሜትር በታች። ካርታው ላይ ጣትህን ማሳው ላይ አድርገህ ምረጥ።

ሰዓቱን አትመን። እነዚህ ሞዴሎች የነጎድጓድ ዝናብን ከእውነተኛው ሰዓት አስቀድመው፣ ወደ እኩለ ቀን አካባቢ የማውረድ የታወቀ ድክመት አለባቸው። ስልኩ ቀን 7 ሰዓት ላይ ዝናብ ስላሳየ ጠዋቱን ሙሉ ሥራ ማስቆም በከንቱ ቀን ማቃጠል ነው። 7 ሰዓት ሆኖ ሳይዘንብ ሲቀር «አለፈ» ብሎ ሰሊጥ የሚራገፍበትን ሸራ ዘርግቶ ማምሸት ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው።

ሦስተኛው በመቶኛው ነው። በየቀኑ 40 በመቶ የሚል ትንበያ ለአራት ቀን ቢቆምና ቀኖቹ አንዱ በሌላው ላይ ባይመሠረቱ፣ ቢያንስ አንድ ቀን የመዝነቡ ዕድል 87 በመቶ ነው። ሂላ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆማል። በዚህ ወቅት ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ አንድ ጠብታ ማለፍ ምኞት ነው፤ እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «ይመታኛል ወይ» ሳይሆን «ሰሊጡ ምን ደረጃ ላይ ሳለ ይምታኝ» የሚለው ነው።

አጠቃቀሙ እንዲህ ይሁን። የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የ10 ቀን ትንበያ ሳሉግ ለመያዝና ቀለብ ለማስገባት ይበቃል። ከ2 እስከ 3 ቀኑ ዛሬ ስንት ሄክታር እንጨድ ለሚለው ነው። ለዚያው ቀን ግን ትንበያውን ተወውና የሳተላይት ምስል እይ፤ በየ15 ደቂቃው የሚታደስ ነው፣ ዊንዲ (Windy) በሚባለው የአየር ጠባይ መተግበሪያ ላይም ታገኘዋለህ። ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ከጭልጋዋ ከተማ ከአይከል በስተምሥራቅ ነጭ ሆኖ የሚያብጥ ደመና ካለና በየምስሉ ወደ ምዕራብ ከተጠጋ ለወንድምህ የሚደወልበት ሰዓት ያ ነው። ደመናው ማሳው ጋ እስኪደርስ ጥቂት ሰዓት ይኖራችኋል።

የክረምቱ ማብቂያ ምልክትም ማሳው ላይ አለ፦ የጠዋቱ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ሲዞርና አየሩ ሲደርቅ። ይህ ለአራት አምስት ቀን ከጸና ነጎድጓዱ እየሳሳ ይሄዳል።

ማጭድና ነዶ፦

ደመና አንባቢ ያለው ላይ የሰሊጡን በኩል ልጨምር። የአጨዳውን ቀን የሚወስነው ተክሉ ነው። ትንበያው የሚወስነው በቀን የሚታጨደውን ስፋት፣ የነዶውን ውፍረትና የማራገፊያውን ሰዓት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው ኪሳራ የሚመጣው።

የደረሰ ሰሊጥ ምልክቱ ይህ ነው፦ ቅጠሉ አብዛኛው ረግፎ፣ ከፍሬው ሦስት እጅ ሁለቱ ቢጫ ሆኖ፣ የታችኛው ፍሬ ግን አፉን ገና ሳይከፍት። ከታች ያለውን አንድ ፍሬ ፈልቅቀህ እይ፤ ዘሩ ቀለሙን ይዞ ጫፉ ትንሽ ጠቆር ካለ በስሏል። ከመሐል ያለውንም ፈልቅቅ። ነጭ ውሃ የቋጠረ ከሆነ አልደረሰም፤ ያን ብታጭደው ዘሩ ተጨማዶ ይደርቃል፣ ዘይቱም ክብደቱም የለም።

እንግዲህ ሰባቱ ሄክታር ዝናብ ይምጣም አይምጣ ይታጨዳል። አምስቱ ግን 90 በመቶ ዝናብ ቢባል እንኳ አይነካም። አረንጓዴ ሆኖ የቆመ ሰሊጥ ዝናብ ቢመታው ብዙም አይጎዳም፣ ትልቁ ስጋቱ ረጥቦ በለሰለሰ አፈር ላይ ነፋስ እንዳይጥለው ነው። ዝናብ ፈርቶ አረንጓዴውን ማጨድ ሊመጣም ላይመጣም የሚችለውን ጉዳት በራስ እጅ እርግጠኛ ማድረግ ነው።

ዝናቡ በየደረጃው የሚያደርሰው ጉዳት ይለያያል፦

ታጭዶ መሬት ላይ የተኛ ያልታሰረ ሰሊጥ ከሁሉ የባሰው ነው። ጥቁር አፈር በዝናብ ሲመታ ጭቃው ይረጫል፣ ፍሬው ላይ ይጋገራል፣ ከዚያ በኋላ ከዘሩ አይለይም። ስለዚህ የታጨደ ሁሉ ሳይመሽ ታስሮ ይቁም። ሳሉጎቹ ጠዋት የጣሉትን ከሰዓት አስረው ማቆም ካልቻሉ ስፋቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ነጎድጓድ ከ50 በመቶ በላይ በተባለበት ቀን በተለይ ግማሹን ብቻ እጨዱ።

ሂላ ከቆመ ሦስት አራት ቀን ያልሞላው፣ ፍሬው የተዘጋ ሰሊጥ መጠነኛ ዝናብ ይችላል። ውሃው በግንዱ ወርዶ ያልፋል፣ በማግስቱ ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል። ይህ የሚሆነው ግን ነዶው ቀጭን ከሆነ ነው፣ ወገቡ ላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር። ሥራ ለማፋጠን ወፍራም ነዶ የሚያስሩ አሉ፤ ውጭው ደርቆ መሐሉ እየታፈነ ይሻግታል፣ ሲራገፍም የመሐሉ ዘር ቡናማ ሆኖ ከነጩ ጋር ይደባለቃል። ማሰሪያው ወገቡ ላይ አንድ ብቻ ይሁን፣ እግሩ ተከፍቶ አየር ይግባው። ሂላውን ጉብ ባለና ውሃ በማይተኛበት ቦታ፣ ጠባብ ጎኑን ነፋሱ ወደሚመጣበት አዙራችሁ አቁሙት። በአንድ ትልቅ ሂላ ፈንታ በርካታ ትንንሾች ቶሎ ይደርቃሉ፣ አንዱ ቢወድቅም የሚጠፋው ትንሽ ነው።

አስቸጋሪው አፉን የከፈተ ሂላ ነው። የተከፈተ ፍሬ አፉ ወደ ላይ ስለሆነ እንደ ሲኒ ውሃ ይይዛል። ዘሩ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፣ ይጠቁራል፣ ነፋስ ከመጣ ደግሞ መሬት ላይ ይፈሳል። ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ሂላው እዚህ ደረጃ ላይ ነውና የሳተላይቱን ምስል በደንብ መከታተል ያለባችሁ ያኔ ነው። ነጎድጓድ ሲጠበቅ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አትጠብቁ፤ የተከፈተውን አራግፉና መልሳችሁ አቁሙት። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በኋላ የቀረው ሲከፈት ሁለተኛ ይራገፋል። ድካሙ እጥፍ ነው፣ አዎ። ግን መጀመሪያ የሚከፈተው የታችኛው ፍሬ፣ ቀድሞ የደረሰውና የሞላው ዘር ነው፤ መጀመሪያ መዳን ያለበትም እሱ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ የአጨዳውና የዝናቡ ሰዓት ይስማማል። ማጨድ ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ፍሬው በጤዛ ስለሚለሰልስ ዘሩ አይረግፍም። ማራገፍ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ነው፣ ፍሬው ደርቆ አፉን ሲከፍት። 10 ሰዓት ላይ ሸራው ተጠቅልሎ ዘሩ ጆንያ ውስጥ ይግባ። ነዶው ወደ ሸራው ሲመጣ ቀጥ ብሎ ይያዝ፤ ትከሻ ላይ አጋድሞ መሸከም መንገዱ ላይ መዝራት ነው። ቢቻል ሸራውን ወደ ሂላው ማምጣት ይሻላል።

ዝናብ ሂላውን ሲያቆየው ሥሩ የሚራባው ዘር መጣጭ ትኋንም ጊዜ ያገኛል። ሂላው ዙሪያ ሁለት ሜትር ያህል አረምና ቆሻሻ ጥረጉ። የዱቄት መድኃኒት ሂላ ላይ መነስነስን ግን አልመክርም፤ ቅሪቱ ዘሩ ላይ ይገኝና የውጭ ገዥ ይመልሰዋል።

ቆላ ማሳ፦

ማጭድና ነዶ በአብዛኛው ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም። «የአጨዳውን ቀን ተክሉ ይወስናል» የሚለው ለዝናብ ይሠራል፣ ለነፋስ አይሠራም። የታችኛው ፍሬ ሊከፈት ሁለት ሦስት ቀን የቀረው ማሳ ላይ ብርቱ ነፋስ የያዘ ነጎድጓድ ከተተነበየ፣ ሦስት እጅ ሁለቱ ቢጫ እስኪሆን መጠበቅ አደጋ ነው። ግማሹ ቢጫ ከሆነ ይታጨድ። የላይኛው ፍሬ ትንሽ ይጨማደዳል፤ ከእሱ የሚጠፋው ግን ነፋስ ከታች ከሚያረግፈው ያንሳል፣ ክብደቱ ያለው ታች ነውና። የእኛ አገር ሰሊጥ ፍሬው ሲደርቅ የሚከፈት እንጂ ዘሩን ይዞ የሚቆይ ዓይነት አይደለም።

ስለዚህ ስልክ ላይ የዝናቡን በመቶኛ ብቻ ሳይሆን የነፋስ ግፊት (ድንገት የሚነሳው ብርቱ ነፋስ ፍጥነት) የሚለውንም እዩ። አማካዩ ነፋስ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ ግፊቱ 50 ሊሆን ይችላል።

ሰባቱ ሄክታር በሙሉ እኩል አይደርስም። ውሃ የሚያዝልበት ቦታ ይዘገያል፣ ጠርዙና ጠጠር ያለበት ይቀድማል። ማሳውን በሦስት ከፍላችሁ በእንጨት ምልክት አድርጉ፤ የቀደመውን እያጨዱ መሄድ ዝናቡ ሁሉንም በአንድ ደረጃ ላይ እንዳያገኘው ያደርጋል። ለከርሞም ዘሩን በ10 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መዝራት፣ ወይም ቶሎ የሚደርሰውን ሴቲት-1 የተባለ የሰሊጥ ዝርያ በከፊል መያዝ ያው ጥቅም አለው።

ከሳሉጎቹ ጋር ደግሞ ውሉ በሄክታር ይሁን፣ ግን ዝናብ ላስቆመው ቀን ምን እንደሚሠራ አብሮ ይነገር፦ የሂላ ቦታ ማስተካከል፣ ማሰሪያ ማዘጋጀት፣ የወደቀ ነዶ ማቃናት። ሥራ ያለው ሳሉግ አይሄድም። ቀለባቸውና የሚጠጡት ውሃ በዝናብ ቀን የተቋረጠባቸው ግን ቢሄዱ አይፈረድባቸውም።

ቅዳሜ ገበያ፦

ከገዥ ወገን አንድ ነገር ልበል። የጎንደር ሰሊጥ የሚሸጠው በንጣቱ ነው። ምርት ገበያ ሲገባ ቀለሙ፣ ባዕድ ነገሩና እርጥበቱ ይታያል። ዝናብ የመታውን ጥቂት ኩንታል «ብዙ ውስጥ አይታወቅም» ብሎ ከነጩ ጋር መደባለቅ የሁሉንም ደረጃ ይጥላል። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ርግፍ ለየብቻ ጆንያ ይግባ፣ ዝናብ የመታው ሂላም ለብቻው ይራገፍ፣ ጆንያው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ።

እርጥበት ያለውን ቸኩላችሁ አታስሩ። ሸራ ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አስጥታችሁ በየሰዓቱ አገላብጡ። ለቆይታ እርጥበቱ ወደ 6 በመቶ መውረድ አለበት፤ ከፍ ካለ ዘይቱ ይኮመጥጣል፣ ጆንያው ውስጥም ይሞቃል። እጃችሁን እስከ ክርን ጆንያው ውስጥ ክተቱ፤ መሐሉ ከዳሩ ከሞቀ ወዲያው ፈትታችሁ አስጡ። ጆንያው የቃጫ ይሁን፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ።

የገንዳ ውሃው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ቀረኝ። ዝናብ ሲመጣ ሂላውን በላስቲክ መሸፈን ይቻላል? ኔትወርክ በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ ለወንድሜ መልእክቱን እንዴት ባደርሰው ይሻላል?

ማጭድና ነዶ፦

ላስቲክ የሚጠቅመው ለተከፈተ ሂላ፣ ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። አናቱን ብቻ ሸፍኑት፣ ጎኑ ክፍት ይሁን፣ ጫፎቹም ነፋስ እንዳያራግባቸው ይታሰሩ፤ የሚወዛወዝ ላስቲክ ራሱ ዘሩን ያረግፋል። ፀሐይ ስትወጣ ይነሳ። ሁለት ቀን ከቆየ ከሥሩ የሚወጣው ትነት ተመልሶ ፍሬው ላይ ይንጠባጠባል፣ ከዝናቡ ያልተናነሰ ያበላሻል። ላልተከፈተ ሂላ ጭራሽ አያስፈልግም። ገንዘቡ ውስን ከሆነ ላስቲክ ትታችሁ አንድ ተጨማሪ ሸራ ግዙ፤ ፈጥኖ ለማራገፍ ይጠቅማል።

ደመና አንባቢ፦

ለመልእክቱ፦ ጥሪ ሳይሆን አጭር የጽሑፍ መልእክት ላክ፤ ኔትወርክ ለአንድ ደቂቃ ሲመጣም ይገባል። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ። በመቶኛ አትጻፍለት፣ ማሳ ላይ ላለ ሰው 40 በመቶ ምንም አይነግረውም። የማታው «ነገ 1 ሄክታር ብቻ እጨዱ፣ 3ኛውን ሂላ አራግፉ፣ ነፋስ አለ» ይበል። የቀኑ ደግሞ ወይ «ቀጥሉ» ወይ «ሸራ አንሱ» ብቻ ይሁን።

መልእክቱ ካልደረሰው የሚሠራበትንም አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ እስከ 9 ሰዓት ምንም ካልመጣ ሸራው ይነሳል፣ የታጨደው ይታሰራል። ምሥራቁ ጠቁሮ ቀዝቃዛ ነፋስ ከዚያ በኩል ከነፈሰ ደግሞ የስልኩን መልእክት ሳይጠብቅ፣ «ቀጥሉ» ያልከውም ቢሆን፣ ያንሳ። ያ ነፋስ ከመጣ ለዝናቡ የቀረው ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት መጀመሪያ ሸራው ላይ ያለው ዘር፣ ቀጥሎ ያልታሰረው ነዶ ይነሳ። የቆመው ሂላ ይቆይ፣ አትነካኩት።